ካባ የተለካባት ልጅ

እትዬ ጽጌ ማረፋቸውን የሰማሁት የአንድ ደንበኛ ስልክ ከፍቼ ባትሪ እየቀየርኩ ሳለ ነው። የደወለችልኝ ቦሎኛ የምትኖረው ልጃቸው ነበረች። ዛሬ ጠዋት በእንቅልፋቸው እንዳለፉ ነገረችኝ። ነፍስ ይማር አልኩ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኩ፣ ስልኩን ዘጋሁ፤ ከዚያ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ደንበኛዬ ያበድኩ መሰለውና ስልኩን እንድመልስለት እጁን ዘረጋ። ያሳቀኝ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። እትዬ ጽጌ በሕይወታቸው ትልቁ ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው እያያቸው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ያሉኝ ነገር። ማልቀሱ ኋላ መጣ፤ ሳቁ ግን ቀደመ፤ እሳቸውም ቢሆኑ በዚህ የሚቀየሙኝ አይመስለኝም።

ሱቄ ሮም፣ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ነው፤ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጎን። የፊቱ ክፍል የኔ ነው፤ ስልክ እጠግናለሁ፣ የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ጓዳው ደግሞ የእትዬ ጽጌ ነበር። መጀመሪያ ሲመጡ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና ፀባያቸውን ይዘው መጡ፤ ከሦስቱ ከባዱ ፀባያቸው ነበር። የሬዲዮኔን ድምፅ በመጀመሪያው ቀን ቀነሱት፤ ከዚያ በኋላ ከፍ አድርጌው አላውቅም።

የሚሰፉት የልጆች የክብር ልብስ ብቻ ነው። ለጥምቀት፣ ለሆሳዕና፣ ለክርስትና፣ ለሠርግ ልጆች የሚደርቡት ከፋይ ካባ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ የሐር ገበር ያለው። ሱሪ ላሳጥር ብሎ የመጣውን ሰው ሁሉ በር ላይ ይመልሱታል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ የጃኬቴ ዚፕ ቢበላሽ እንዲቀይሩልኝ ለምኜ፣ "ስንት ዓመትህ ነው?" ብለውኛል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆነ ሰው እሳቸው ዘንድ ጉዳይ የለውም።

ሥራቸውን ለየት የሚያደርገው አለካካቸው ነበር። ሌላው ልብስ ሰፊ ልጁን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ይለካል። እሳቸው ከፋዩን ቆርጠው በነጭ ክር ላላ አድርገው ካያያዙት በኋላ ልጁን ያለብሱትና ትእዛዝ ይጀምራሉ። ተቀመጥ፤ ይቀመጣል። ተንበርከክ፤ ይንበረከካል። እጅህን አንሳ፣ ጎንበስ በል፣ እንደ ጸሎት ቁም። በመጨረሻ በሩን ከፍተው "አሁን ሩጥ" ይሉታል። ልጁም ያላለቀ ካባውን እያርገበገበ፣ የስፌት ክሩ እየተንጠለጠለ፣ እስከ መንገዱ ጥግ ሮጦ ይመለሳል። እኔ በዚህ ነገር መጀመሪያ ላይ በጣም እበሳጭ ነበር። ስልክ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ልጅ ያያል። ፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ጣሊያኖቹ ወጥተው ያጨበጭባሉ። አንድ ቀን አንዲት ቀይ ካባ የደረበች ሕፃን በሁለት መነኮሳት መካከል ሰንጥቃ አልፋ፣ አንደኛው መነኩሴ ባርኳት ሄደ። ኋላ ኋላ ለመድኩት፤ እንዲያውም የሮጠ ልጅ የሌለበት ቀን ቀኑ ይረዝምብኝ ጀመር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በእያንዳንዱ ካባ ገበር በግራ በኩል ትንሽ ኪስ ይሰፋሉ። ልብሱ አልቆ ለእናትየው ሊሰጥ ሲል ከጣሳ ቆንጥረው ቆሎ ይጨምሩባታል። እናቶች ያጉረመርማሉ፤ እትዬ፣ ሐሩን ያቆሽሻል ይላሉ። እሳቸው መልሳቸው አንድ ነው። ሥነ ሥርዓት ረጅም ነው፣ ልጅ ይርበዋል፣ የተራበ ልጅ ካባ ቢለብስ አያምርበትም።

ይህ ኪስ ከየት እንደመጣ የነገሩኝ አንድ ዝናባማ ቀን ነው፤ ደንበኛም የለ፣ መብራቱም ጠፍቷል። እናታቸው አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውስጥ በልብስ ስፌት ክፍል ይሠሩ ነበር። የንጉሡ ቤተሰብ ልጆች ለበዓል፣ ለእንግዳ አቀባበል፣ ለቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የሚደርቡት ካባ እዚያ ይሰፋል። የንጉሥ ልጅ ደግሞ መርፌ የተሰካበት ጨርቅ ውስጥ ግማሽ ቀን ቆሞ አይውልም፤ ትምህርት አለው፣ ሞግዚት አለው። ስለዚህ በቁመትና በትከሻ የሚመስለው የሠራተኛ ልጅ ይፈለግና በእሱ ላይ ይለካል። ለትንሿ ልዕልት የተገኘችው ልጅ ጽጌ ሆነች። ስድስት ዓመቷ ነበር። ስሟንም ረስተው "ልክ" ይሏት ጀመር፤ ልክን ጥሯት፣ ልክ የታለች፣ ልክ አትንቀሳቀሽ።

"ስንት ሰዓት እንደምቆም አልነግርህም" አሉኝ። "እግሬ ደንዝዞ እንጨት ይሆናል። ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ውሸት አልናገርም። ከፋዩ እኔ ላይ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ልጅ እኔ ነበርኩ። ሲያልቅ ያወልቁልኛል፣ በነጭ አንሶላ ይጠቀልሉታል፣ ከዚያ በበሩ ይወጣል። እኔ በውስጥ ልብሴ እቀራለሁ። ልብሱ እኔ ላይ ሆኖ ያንን በር ማለፍ ክልክል ነው። በመስኮት ትንሿ ልዕልት ካባዬን ደርባ መኪና ውስጥ ስትገባ አያታለሁ።"

ካባዬን ነው ያሉት።

አንድ ቀን እናታቸው ለምሳ ቆሎ ይሰጧቸዋል። እጃቸው ላይ ይዘው መቆም ስለማይችሉ፣ ለመሐረብ የተሠራች የውስጥ ኪስ ውስጥ ይከቱታል፤ ይረሱታል። ልብሱ ተጠቅልሎ ከወጣ በኋላ ትዝ ይላቸዋል። ያን ሌሊት እንዳልተኙ ነገሩኝ። እናቴ በኔ የተነሳ ትባረራለች ብለው ሲጠብቁ ሰነበቱ። ማንም ምንም አላለም። ከፋሲካ በኋላ ካባው ሊረዝም ተመልሶ መጣ፤ ጽጌም ለብሳ ስትቆም እጇን ቀስ አድርጋ ኪሱ ውስጥ ብትከት፣ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ አገኘች። ከዚያ ወዲያ ሆን ብላ ቆሎ ትጨምር ጀመር። ልብሱ በተመለሰ ቁጥር ከረሜላ አለ። ይህ ለዓመታት ቀጠለ። ከዚያ በአንድ ክረምት ጽጌ ድንገት ረዘመች፤ ሌላ ልጅ ተፈለገ፣ እሷ መርፌ እንድትማር እናቷ ጎን ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ዘመኑም ተለወጠ፣ ስፌት ክፍሉም ተዘጋ። ሮም የመጡት ጣሊያን ቤት ሊሠሩ ነው፤ ስንት ሽማግሌ ጣሊያን አስታመው ቀብረው ነው ወደ መርፌያቸው የተመለሱት።

ከረሜላውን የምታስቀምጠው ልዕልቷ ራሷ ብትሆንስ አልኳቸው።

"የንጉሥ ልጅ ቆሎ ምን ያደርግላታል? አጣቢዎቹ ይሆናሉ። ዝም ብለህ ስልክህን ጠግን" አሉኝ። ከዚያ ግን፣ ጨለማው ውስጥ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፤ "አንድ ጊዜ ብቻ ለብሼው በሩን ብወጣ ኖሮ ሌላ ነገር አልመኝም ነበር።"

ልጆቹን ካላለቀ ልብስ ጋር ወደ መንገድ የሚያስሮጡት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በሩን ራሴ እከፍትላቸው ጀመር።

ወይዘሮ ትርሲት ወደ ሱቃችን የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ከለንደን ነው የመጡት፤ ሽቶአቸው ቀድሟቸው ገባ። ታናሽ እህታቸው ሮም ልታገባ ነው። ቤተሰቡ የድሮው ንጉሣዊ ቤተሰብ ነው፤ ሠርጉም ከየአገሩ የተበተነው ዘመድ የሚሰበሰብበት ነው። ሙሽራዋን እየመሩ የሚገቡት የወይዘሮ ትርሲት መንታ ሴቶች ልጆች፣ የሰባት ዓመት ልጆች፣ ናቸው። የእሳቸውና የሙሽራዋ እናት በልጅነታቸው ቤተ መንግሥት ይደርቡት የነበረውን ዓይነት ካባ ልጆቹ እንዲለብሱ ይፈልጋሉ። እናቷ እዚያ ስትሰፋ የነበረች ሴት ሮም አለች ተብለው ነው የመጡት። ስልካቸውን አውጥተው አንድ አሮጌ ፎቶ አሳዩ፤ ካባ የደረበች ትንሽ ልጅ፣ ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ የተኮሳተረች።

እትዬ ጽጌ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ "እሰፋዋለሁ" ብቻ አሉ። ሴትዮዋ ከወጡ በኋላ ግን ወንበሬን ስበው ተቀመጡ፤ የኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

"የኔ ነው" አሉኝ። "ፎቶው ላይ ያለው።"

የመንታዎቹ ልክ ከለንደን በስልክ ተላከ። እትዬ ጽጌ አላዩትም፤ ቁጥር አይለብስም ብለው ሳቁ። እኔ ቁጥሩን ሳነበው ግን ያን ያህል የምትሆን ልጅ ነበረችን። ሜሮን የብርክቲ ልጅ ናት። ብርክቲ ባዳንቴ ናት፤ አንድ የታመመ ጣሊያን ሽማግሌ ስትጠብቅ ትውላለች። ፖሊስ ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳው ሕንፃ ስደተኛውን ሁሉ ሲያስወጣ ሜሮንን አዝላ የወጣች ሴት ናት፤ አሁን ከከተማው ዳር፣ አናኚና አጠገብ፣ ሰላም ፓላስ በምንለው ሕንፃ ውስጥ አንዲት ክፍል አላቸው። ሜሮን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሱቃችን ትመጣና እናቷ እስክትደርስ እኛ ዘንድ ትቆያለች። ቁመቷ ልክ፣ ትከሻዋ ልክ። ያን ሰሞን በየቀኑ የወይን ጠጅ ቀለም ባለው ከፋይ ውስጥ ተቀመጠች፣ ተንበረከከች፣ ቪያ ቮልቱርኖን ዳር እስከ ዳር ሮጠችው።

ሁለቱ ካባዎች ሊያልቁ ሲሉ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሜሮን መስታወቱ ፊት ቆማ ዞር አለችና ጠየቀቻቸው፤ በጣሊያንኛ አያቴ ብላ ነው የምትጠራቸው።

"ኖና፣ እኔስ መቼ ነው የምለብሰው?"

እትዬ ጽጌ አፋቸው ላይ መርፌ ነበር። ቀስ ብለው አወጡት። ካባውን አውልቀውላት ጸጉሯን አስተካከሉላት። በማግስቱ ስመጣ ጠረጴዛው ላይ ከዚያው ከፋይ ሦስተኛ ካባ ተቆርጦ አገኘሁት።

ተው ብዬ ለመንኳቸው። ሠርጉ የሰው ሠርግ ነው፤ ልጅቷን ወስደው በር ላይ ቢመልሷት የምትጎዳው እሷ ናት አልኳቸው። ይህን ስል የምር ፈርቼ ነበር፤ ለሜሮንም ለእሳቸውም።

"የተለካ ይለብሳል" አሉኝ። "ካልሆነ አንዱም ከቦርሳዬ አይወጣም። እንግዲህ ያኔ መንታዎቹም በውስጥ ልብሳቸው ይቀራሉ፤ እንዴት እንደሆነ ይዩት።"

የሠርጉ ቀን ብርክቲ ሥራ ስለነበረባት ሜሮንን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሌላም ነገር ተሸክሜ ነበር። እትዬ ጽጌ የማንንም ካውያ ስለማያምኑ የራሳቸውን ካውያ ሰጡኝ፤ በሜትሮ ውስጥ ሱፍ ልብስ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ ካውያ አቅፌ ስቆም አንዲት አሮጊት ጣሊያን ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ልጆቹ የሚዘጋጁባት አንዲት ክፍል ነበረች። እትዬ ጽጌ ማንም ሳይመጣ ሦስቱንም ልጆች አለበሱ። መንታዎቹ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ሜሮን ጣሊያንኛ፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም፤ ግን ሦስቱም ካባቸውን ዘርግተው መሽከርከር ጀምረዋል።

ወይዘሮ ትርሲት ገቡ። ሦስት ልጆች አዩ። ፊታቸው ተለወጠ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ቀኑ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። የታዘዘው ሁለት እንደሆነ፣ ፎቶ አንሺው ሁሉን እንዳስተካከለ፣ ይህች ልጅ ከቤተሰቡ እንዳልሆነች በትሕትና ተናገሩ። ልጅቷ ጥሩ ቦታ ላይ ተቀምጣ እንድታይ እናደርጋለን አሉ። ሜሮን አማርኛ አሳምራ ትሰማለች። ማንም ሳይነግራት እጇን ወደ አንገቷ ቁልፍ አነሳች።

እትዬ ጽጌ እጇን ያዙት።

"አትፍቺው" አሏት። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞሩ። "ይህ ልብስ የተለካው እሷ ላይ ነው፣ የኔ እመቤት። ሁለቱም። የተለካ ይለብሳል። የእሷ ከወለቀ ሦስቱም ይወልቃሉ።"

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኔ ካውያውን አጥብቄ አቀፍኩ። መዝሙሩ ሊጀመር ነው፣ ሙሽራዋ ደርሳለች ይባላል። ወይዘሮ ትርሲት ተጨንቀው ወጡና እናታቸውን ይዘው ተመለሱ፤ እሳቸው ይፍረዱ ብለው ነው። ሲገቡ ሳያቸው ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ከላይ ጥቁር ከፋይ ካባ በወርቅ የተጠለፈ ደርበዋል። ያ ፎቶ ላይ የነበረው መኮሳተር እንዳለ ነበር። ወይዘሮ ትርሲት ነገሩን ከመጀመሪያው ማስረዳት ጀመሩ።

በመሐል አንደኛዋ መንታ እያኘከች እንደሆነ አየሁ። ኪሷን አግኝታዋለች። እናቷ ደንግጠው ምን እየበላሽ ነው አሏት። ልጅቷም ጣቷን ኪሷ ውስጥ ከታ ቀሪውን አወጣችና ለአያቷ ዘረጋች።

ትልቋ ልዕልት መዳፋቸውን ከፍተው ተቀበሉ። ጥቂት ገብስ፣ ጥቂት ሽምብራ፣ አንድ ሁለት የሱፍ ፍሬ። ረጅም ጊዜ አዩት። አንዷን ወደ አፋቸው ወረወሩ፤ በዚያ ሁሉ ወርቅና ከፋይ መካከል ቀስ ብለው አኘኩ። ልጃቸው አሁንም እየተናገሩ ነበር። እሳቸው ግን እትዬ ጽጌን ብቻ ያዩ ነበር፤ ከእግር እስከ ራስ፣ ትከሻቸውን፣ ቁመታቸውን።

"ከረሜላውን አግኝተሽው ነበር?" አሏቸው።

እትዬ ጽጌ ወደኔ ዞረው አዩኝ፣ እኔ የምመልስላቸው ይመስል። ከዚያ እንደ ልጅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አግኝቼዋለሁ" አሉ። "በየጊዜው። ወረቀቱ ቀይ ነበር።"

"ቅዳሴው ያደክመኝ ነበር" አሉ ልዕልቷ። "ባንቺ ቆሎ ነው ያደግሁት። ከዚያ አንድ ጊዜ ኪሱ ባዶውን መጣ። ሞግዚቴን ስጠይቃት፣ ልጅቷ ረዘመች አለችኝ። ስምሽን የሚያውቅ አላገኘሁም።"

"ጽጌ እባላለሁ።"

ልዕልቷ ወደ ልጃቸው ዞረው ሦስቱም ልጆች አብረው እንዲሄዱ፣ ሜሮንም መሐል እንድትሆን አዘዙ፤ ፎቶ አንሺውም እንደሚችል ያንሳ አሉ። ሜሮን ያን ስትሰማ ቁልፏን መልሳ አጠበቀች፤ ከዚያ ማንም እንዳይለውጣት ብላ ይመስለኛል መንታዎቹን ግራና ቀኝ ያዘቻቸው።

ያለቀ መስሎኝ ካውያውን ማንሳት ጀመርኩ። ልዕልቷ ግን እትዬ ጽጌን፣ ያኔ አንድም ጊዜ ለብሰሽው ወጥተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቋቸው። እትዬ ጽጌ አላውቅም አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር። ልዕልቷ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ወስደው የራሳቸውን ካባ ፈቱት። እትዬ ጽጌ ወደ ኋላ ሲሉ፣ እምቢ ሲሉ፣ ነውር ነው ሲሉ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸውና ቁልፉን ራሳቸው ቆለፉላቸው። ንጉሣዊ ሴት ጎንበስ ብላ ለልብስ ሰፊ ካባ ስትቆልፍ አየሁ። በዓይኔ።

በሩ ተከፈተ። ልጆቹ ፊት ወጡ፤ ሜሮን መሐል፣ ካባዋ ወለሉን ሳይነካ፣ ሳይያዝ፣ እንደ ውሃ እየተከተላት። የተሮጠበት ካባ እንዲህ ነው የሚሄደው። እትዬ ጽጌ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እግራቸውን ያነሱና መልሰው ያስቀምጡታል። አትንቀሳቀሽ ያሏቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ በር ላይ የቆሙ ይመስል። ልዕልቷ በነጭ ቀሚሳቸው ብቻ አጠገባቸው ቆመው ክንዳቸውን ያዙና ጠበቋቸው፤ አልገፏቸውም።

ከዚያ ተሻገሩ።

ቤተ ክርስቲያኑ በእልልታ ተሞላ። እልልታው ለሙሽራዋ ነበር፤ እትዬ ጽጌ ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው ወሰዱት፣ እኔም ሰጠኋቸው፤ ካውያ ይዤ እልል ያልኩ ብቸኛ ወንድ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ ካባ ደርባ አንዷ ሳትደርብ፣ ከልጆቹ ኋላ እኩል እየተራመዱ ሄዱ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። እትዬ ጽጌም የሚያለቅሱ መስሎኝ ጠጋ አልኩ፤ ሊያናግሩኝ ፈልገው እንደሆነ ብዬ። ወደ ጆሮዬ ዘንበል አሉ።

"ትከሻው ጠማማ ነው" አሉኝ። "ማን ላይ እንደለኩት እንጃ።"

ይህን ብለው ቀጥ ብለው ሄዱ፤ እኔም ካውያቸውን አቅፌ ከኋላቸው ተከተልኩ።